የሙዚቃ ካሴት «ሸሞንሟናዬ»

ፕላስቲክና የቴፕ ክር
1985 እ.ኤ.አ.፣ ዋሽንግተን ዲሲ የተቀረጸ

ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ አቅንተው በዚያው ቀሩ። ይህንን ካሴት ያለ ባንድ፣ ብቻቸውን ሠሩት፦ የልጅነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር እየደራረቡ ቀረጹ።

በዘመኑ በኢትዮጵያ፣ እንደ ወለንጪቲ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ሙዚቃ በብዛት የሚደመጠው ከሻይ ቤትና ከአውቶቡስ ቴፕ ነበር። ካሴት ለመቅዳትም ለመሸጥም ከሸክላ ይቀል ነበር፤ ብቸኛ ሙዚቀኛም በአነስተኛ ወጪ ሥራውን ያደርስበት ነበር።

ኃይሉ በአሜሪካ ለዓመታት ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ባወጡት ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ በ2013 በሸክላና በሲዲ ዳግም ታተመ። «ላላ በሉ» የተሰኘው አልበማቸው በ2018 ወጣ።