ቁልፉን የያዘው ማን ነው?

መቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። መንገዱ ለተሳፋሪ ረጅም ነው፤ ለሥዕል ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ የሚሥል ወጣት ሥራውን ለሰው ለማሳየት ሲያስብ ወይ ጠቅልሎ ዋና ከተማ ይወስደዋል፣ ወይ አልጋ ሥር ያስቀምጠዋል። የኢሉባቦር እርጥበት ደግሞ አልጋ ሥር የከረመ ወረቀትን አይምርም። ታዲያ “እዚሁ የሥዕል ማሳያ ይኑረን” የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ ገንዘብ የለም፣ ቤት የለም።

ውድ ወጣቶች፣ ይህ መልስ እውነት መሆኑን ከአገራችን ታሪክ እንመርምር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ሥነ ጥበብ አጥንተው በ1954 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚያስተምሩበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልጠበቃቸውም። ተሰጥኦ ያላቸውን ጥቂት ተማሪዎች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ በይፋ የተከፈተው በ1958 ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ መምህርና ተማሪ ተገናኙ፣ ሕንፃው ኋላ መጣ።

ትምህርት ቤቱ ሠዓሊዎችን አወጣ። የተመረቀው ሁሉ ግን መሥሪያና ማሳያ ስፍራ አላገኘም። በ1996 ቆንጂት ሥዩም አስኒ ጋለሪን በአዲስ አበባ ከፈተች፤ ለብዙ ወጣት ሠዓሊዎችም በር ሆነ። ሆኖም የአንድ ቤት ግድግዳ ለሁሉም አይበቃም።

በ2008 ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት አርቲስቶች ተባብረው ነጻ አርት ቪሌጅን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሠዓሊና ገጣሚ ምሕረት ከበደ ናት። ስፍራው በፈረንሣይ ኤምባሲ አካባቢ ያለ የሕዝብ መናፈሻ ነበር። አርቲስቶቹ ቀጣሪም አለቃም ሳይጠብቁ በዚያ ሠሩ፣ ዐውደ ርእይ አዘጋጁ፣ እንግዳ ተቀበሉ። ሰዎች ጥለዋቸው ከነበሩ ዕቃዎች የተሠሩ ቅርጻ ቅርጾች በዛፎቹ መካከል ቆሙ። ወደ ጋለሪ ገብቶ የማያውቅ መንገደኛም በመናፈሻው ሲያልፍ የዘመኑን ሥነ ጥበብ አየ።

መሬቱ ግን የእነርሱ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጻ አርት ቪሌጅ ያንን መናፈሻ ለቀቀ። እዚህ ላይ ታሪኩ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛው፣ ፈቃደኞች ያለ ሀብታም ደጋፊ የጥበብ ቤት ሊያቆሙ መቻላቸው ነው። ሁለተኛው፣ በሌላ ሰው መሬት ላይ የቆመ ሥራ ከፍቅርና ከትጋት በተጨማሪ ውል እንደሚያስፈልገው ነው።

ሌላው መንገድ የዞማ ነው። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በ2002 የዞማን የሥነ ጥበብ ማዕከል ጀመሩ፤ የዞማ ሙዚየም ለሕዝብ የተከፈተው በ2019 ነው። በመካከሉ 17 ዓመት አለ። ሕንፃዎቹ የተሠሩት በጭቃና በጭድ ነው። የኢሉባቦር ሰው ጭቃ አቡክቶ ቤት መምረግ ከማንም አይማርም። አዲስ አበባ ውስጥ ለሙዚየም የበቃው ጭቃ እኛ ዘንድ ለአንዲት የማሳያ ክፍል እንዴት ያንሳል?

በእኛም አካባቢ ታሪክ ስፍራ ሲቀያየር አይተናል። የቀድሞዋ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች፤ በኋላ መንበሩ ወደ መቱ ዞረ። ቢሮ ይዛወራል፣ መናፈሻ ይዘጋል። ስለዚህ የጋራ ማሳያ የሚያቋቁሙ ፈቃደኞች ከግድግዳው በፊት ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ፤ እርሱም ሥርዓት ነው።

በሩን የሚከፍተው ማን ነው? ቅዳሜ ተረኛው ከቀረ ማን ይተካዋል? ሥዕሉን ስንረከብ የሠሪው ስም፣ የሥራው ርእስ፣ ዓመቱና የመመለሻው ቀን በመዝገብ ሰፍሮ ሁለቱም ወገኖች ፈርመዋል? ቢሸጥ ለሠሪው ስንት፣ ለቤቱ ስንት ይደርሳል? ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? በክረምት ሥዕሉ ከእርጥብ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ከኋላው ቀጭን እንጨት ገብቶ አየር ያገኛል? እነዚህ ጥያቄዎች የፈቃደኝነትን መንፈስ የሚያቀዘቅዙ የሚመስላቸው አሉ። እንዲያውም የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የፈቃደኞች ኅብረት የሚፈርሰው በድህነት ሳይሆን፣ ሥራው ሁሉ በሁለት ትጉሃን ጫንቃ ላይ ወድቆ እነርሱ ሲደክሙ ነው።

የመገናኛውን ድንኳን ሥራ በኦሪት ዘፀአት ያነበበ ወጣት ይህን ያውቃል። ልባቸው ያነሣሣቸው ሰዎች በፈቃዳቸው አመጡ፤ ባስልኤልና ኤልያብ ግን ሥራውን በእውቀት መሩት፣ የመጣውም ሁሉ ተቆጠረ። ፈቃደኝነትና ቆጠራ አብረው ሄዱ።

እንግዲህ “ቤት የለም” የሚለው መልስ በታሪክ ፊት አይጸናም። አለ ፈለገ ሰላም በጥቂት ተማሪዎች ጀመሩ፤ የነጻ ወጣቶች በመናፈሻ፤ ዞማም በትዕግሥት። በመቱ ለመጀመር አንድ የተለመነ ክፍል፣ አሥር ሥዕል፣ አንድ መዝገብና ስማቸውን በተራ የጻፉ ስድስት ወጣቶች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ስብሰባ ግን ስለ ሥዕሎቹ ከመነጋገሩ በፊት ቁልፉን ማን እንደሚይዝና ለማን እንደሚያስረክብ ይወስን።