ከአባት እጅ ወደ ማሠልጠኛ
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ)

  

የዛሬውን ርእስ የመረጥነው ከአንድ የተለመደ አነጋገር ተነስተን ነው። ስለ ልጃቸው የተጠየቁ አባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነጥብ አልመጣለትም፤ ቴክኒክ ገባ» ይላሉ። ጠያቂውም «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ብሎ ያጽናናቸዋል፤ ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል። የሞተ ሰው ግን የለም። ልጁ ብየዳ ሊማር ነው የሄደው። እኛን የሚያስገርመን ደግሞ የስንቶቻችን አያቶች ቤታቸውን ያቆሙት በእጅ ሙያ መሆኑ ነው።

እስቲ ወደ ጎንደር ዘመን መለስ እንበል። በዚያ ዘመን ሙስሊሙ ርስት አልነበረውም። ርስት የሌለው ሰው ጉልበት ቢኖረውም የሚያርሰው የሰው መሬት ነው። እ.ኤ.አ በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። እስላም ቤት፣ ኋላም አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር ለሙስሊሞቹ መኖሪያ ሆነ። ከእርሻ ለተገለለው ሕዝብ ክፍት ሆነው የቀሩት ዋና በሮች ንግድና ሽመና ነበሩ። እነዚያ ቤተሰቦች በእነዚህ በሮች ገብተው ኖሩ፤ ልጆቻቸውንም አሳደጉ።

ሙያው እንዴት ይተላለፍ ነበር? ማሠልጠኛው ቤት ነው፤ አሠልጣኙ አባት። ልጁ በመጀመሪያ ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል። እጁ ሲፈታ ድር ማወራረስን ያያል፣ ይረዳል። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መወርወሪያ መወርወር ይጀምራል። ጥለት ማውጣት የሚፈቀድለት በመጨረሻ ነው፤ የተበላሸ ጥለት የሙሉ ሸማ ዋጋ ያበላሻልና። ይህ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነበር። ፈተናም ነበረው፤ ፈታኙ ገበያ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ፍሬ የት ድረስ እንደሚሄድ ሐረርን ያየ ያውቃል። እ.ኤ.አ በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊ መንገደኛ ሪቻርድ በርተን ስለ ከተማይቱ ብዙ ክፉ ቃል ጽፏል። የሐረርን ሸማ ግን በውበትም በጥንካሬም ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ አስበልጦታል። የመጻሕፍት ጥራዟንም አድንቋል። የማይወደንን ሰው ያስመሰከረ ሙያ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወዴት ሄደ? አባት ልጁን ሊያስተምር የሚችለው እርሱ ራሱ የሚያውቀውን ብቻ ነው። የባሕር ማዶ አቡጀዲ በርካሽ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ የታተመ መጽሐፍ ተጠርዞ ሲመጣ፣ አባት ለዚህ መልስ የሚሆን አዲስ ሙያ ከየት ያምጣ? በሐረር የጥራዝ ሙያ ከመጥፋት አፋፍ ደርሶ ነበር። በከተማይቱ የግል ሙዚየም ያቋቋሙት አብዱላሂ ሸሪፍ አሮጌዎቹን ኪታቦች ሰብስበው፣ የጥራዙን ሥራ ራሳቸው ተምረው፣ ለወጣቶች ማስተማር እስኪጀምሩ ድረስ ማለት ነው።

መንግሥት በበኩሉ ሙያ ለማስተማር የሞከረበት የታወቀ ታሪክ ጋፋት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በዚህች ስፍራ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰበሰቡ። ወጣቶችም ከእነርሱ ሥር ሆነው እንዲማሩ አደረጉ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የፈሰሰው እዚያ ነው። ከዚያም እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። በ1860 ዓ.ም ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከሀገር ወጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አለ፤ ማቅለጫው ግን የለም። ሰዎች መድፉን ሲያነሱ ስለ ንጉሡ ቁርጠኝነት ያወራሉ፤ እውነት ነው። እኛ የምናዝነው ግን ለእነዚያ ለጀመሩት ወጣቶች ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ቆሞ ስለነበር የሚቀጥል ተቋም አልነበራቸውም።

ሌላው ሕመም ንቀቱ ነው። ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያሉ መስደብ፣ በቡዳ ማማት፣ ከዚህም አልፎ በጋብቻ መራቅ የሀገሩ ልማድ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ ሰው እንደሚቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። ሆኖም በዚያው ሰሞን የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ያስተማረው ቋንቋ ነበር። ከዚያ የወጣው ተማሪ ቢሮ ገባ፣ አስተርጓሚ ሆነ። «ተማረ» የሚለው ቃል ከብዕር ጋር ብቻ ተጣብቆ ቀረ። ይህ ንቀት ከሙስሊም ቤት መግባቱ ደግሞ በጣም ይገርማል። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት ገርቶላቸው ጥሩር ይሠሩ እንደነበር፣ ነቢዩ ዘከሪያም (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ ልጆቻችን በመድረሳ ይማሩ የለምን?

ሙያን ከዘር ሐረግ አውጥቶ ለመጣው ሁሉ በመስጠት ረገድ ብዙ የማይነገርለት ቦታ ድሬዳዋ ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ በ1902 እዚያ ሲደርስ ትልቅ የጥገና ፋብሪካ አብሮ ተቋቋመ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ አማራው፣ ዐረቡ ረዳት ሆኖ እየገባ ብረት ቀራጭ፣ ሞተር ፈቺ፣ በያጅ ሆኖ ወጣ። አባቱ ግመል ነጂ ይሁን ሸማኔ አልተጠየቀም። ባቡሩ ግን ሲዳከም ሙያውም አብሮት ተዳከመ። ዕውቀቱ በሰዎቹ እጅ እንጂ በሥርዓተ ትምህርት ላይ አልሰፈረምና አዛውንቶቹ ጡረታ ሲወጡ ይዘውት ሄዱ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ፣ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የመሩት የቻይና ባለሙያዎች ነበሩ። የእኛ ወጣቶች ለመንዳት ቻይና ድረስ ሄደው መሠልጠን አስፈለጋቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ባቡር የነበራት ሀገር ናት!

በመካከሉ የተሠራ የለም አንልም። በ1934 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ተግባረ እድ ተከፈተ። በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋቋመ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ «አሥር ሲደመር አንድ»፣ «አሥር ሲደመር ሁለት» የሚባለው ሥልጠና በየክልሉ ተስፋፋ። ኋላ ደግሞ ሠልጣኙ ጊዜውን 70 በመቶ በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶ በተቋም እንዲያሳልፍ፣ በመጨረሻም በብቃት ምዘና እንዲፈተን ታቀደ። ዕቅዱ መልካም ነው፤ የሸማኔው ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የተማረበት መንገድ እኮ ነው። ችግሩ ባለ ጋራዡ ልጁን እንደ ሠልጣኝ ሳይሆን እንደ ሻይ አመላላሽ ሲያየው ነው።

ሙያ ማጣት በቤታችን በጣም የሚያምበት ቦታ ግን ጋራዥ አይደለም፤ ኤርፖርት ነው። ወደ ዐረብ ሀገር የምትሄደው እህታችን ከገጠር ቤት ተነስታ በቀጥታ የማታውቀው ማሽን ፊት ትቆማለች። አነጋገሩንም አታውቅም። ስለዚህ የተሰጣትን ደመወዝ ትቀበላለች፣ የተጫነባትን ትሸከማለች። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ አብዛኞቹ ወረቀት እንዳልነበራቸው አየን። በ2008 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ተጓዧ ስምንተኛ ክፍል እንድትጨርስና የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ጠየቀ። ፊሊፒንስ ይህን ከእኛ አሥር ዓመት ቀድማ እ.ኤ.አ በ2006 አድርጋዋለች። ለቤት ሠራተኞቿ የሙያ ምስክር ወረቀት ግዴታ ስታደርግ፣ ዝቅተኛውን የወር ደመወዝም ከ200 ወደ 400 ዶላር ከፍ እንዲል በዚያው ደነገገች። ሁሉም አሠሪ ከፈለ ማለት አይደለም። ግን ሠራተኛዋ የምትከራከርበት ወረቀት በእጇ ገባ።

እንግዲህ ልጃችሁን ለማስመዝገብ የምትሄዱ አባቶችና እናቶች፣ በሩ ላይ ቆማችሁ ክፍያውን ብቻ አትጠይቁ። ማሽኖቹ ይሠራሉ ወይ? አስገብታችሁ አሳዩን በሉ። ልጁ በሳምንት ስንት ቀን በሥራ ቦታ ይውላል? ከየትኛው ድርጅት ጋር ውል አላችሁ? ባለፈው ዓመት ከመረቃችኋቸው ውስጥ ምዘናውን ያለፉት ስንት ናቸው? ለዚህ መልስ የሌለውን ትታችሁ ወደሚቀጥለው በር ሂዱ።