የተገለበጠው ኮት

ጥያ የምትታወቀው በድንጋዮቿ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የቆሙት፣ ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች የተቀረጹባቸው ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጎብኚው 36ቱን ቆጥሮ፣ ተደንቆ ይመለሳል። ይሁን እንጂ በዚሁ በሶዶ ምድር፣ በገበያ ቀን፣ ሸራ ላይ ተቆልሎ የሚሸጥ አሮጌ ልብስ አለ፤ እርሱም በበኩሉ ታሪክ ነው። ድንጋዩን የሚመረምር ሊቅ ከሩቅ አገር መጥቷል። ክምሩን ሲመረምር የኖረው ግን ገዢው ብቻ ነው።

ይህን ልብስ ሕጉ «ልባሽ ጨርቅ» ይለዋል፤ ነጋዴው እንደ አስተሳሰሩ «ቦንዳ» ይለዋል፤ ሕዝቡ ደግሞ «ሰልባጅ» ይለዋል። ሰልባጅ ከጥፋት የተረፈን ዕቃ ከሚያመለክተው «ሳልቬጅ» ከተባለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወረሰ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ክምር የሚነሣ ነው፦ ርካሽ ልብስ የሚረክሰው ለማን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

ለአያቶቻችን ልብስ ሀብት ነበር። ጥጡ እስኪዳመጥ፣ እስኪነደፍና እስኪፈተል፣ ከዚያም በሸማኔው ጉድጓድ እስኪሸመን ድረስ አንድ ጋቢ ወይም አንድ ቡልኮ የብዙ እጆች ድካም ያርፍበታል። ስለዚህም ልብስ አይጣልም ነበር። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ አሽከር ይወርዳል፤ ሲነትብ መጠቅለያ፣ መጠቅለያነቱም ሲያልቅ የኩራዝ ክር ይሆናል። ከባሕር ማዶ የመጣው አቡጀዲ በየገበያው ከተስፋፋ በኋላም ይህ ልማድ ቶሎ አልጠፋም። እንግዲህ አሮጌ ልብስ መልበስ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው የማይታወቅ ሰው ልብስ መልበስ ነው። የወረደ ልብስ የለባሹን ዘመድ ወይም ጌታ ይናገራል፤ ሰልባጅ ግን ቀድሞ ማን እንደ ለበሰው አይናገርም።

ጉራጌ ከዚህ ንግድ ጋር የተገናኘበት መንገድ በመርካቶ በኩል ያልፋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ ወዲህ፣ የግብር ጫናና የመሬት ጥበት ወጣቱን ወደ አዲስ አበባ ገፉት። እንሰት ቤተሰብን ይመግባል፤ ለግብር የሚሆነውን ብር ግን ከሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ነበር። ወጣቱ በቀን ሙያተኝነትና በተሸካሚነት ጀመረ። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ አንሥተው መርካቶን ሲቆረቁሩ፣ ከነጻነትም በኋላ የዓረቦቹ ሱቆች ባለቤት ሲለዋውጡ፣ የጉራጌ ነጋዴ በየተራው ሥር ሰደደ። «ምን አለሽ?» እያለ በየደጁ የሚዞረው ሰው የሰበሰበው ዕቃ ምናለሽ ተራ የሚባል ሰፈር አስገኘ። ሚሊተሪ ተራም የወታደር ልብስን ዘመን በስሙ ያስታውሳል። አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ብርጭቆና ሳፋ የሚሰጠው ባለ ልዋጭም የዚሁ ዓለም ሰው ነው። ካፒታል ለሌለው ወጣት ሌላው የተወው ዕቃ የመጀመሪያው ካፒታል ሆነ።

ይህ ሁሉ ድካም በዓመት አንድ ጊዜ ይመዘናል፤ ሚዛኑም መስቀል ነው። በመስቀል ጉራጌ ወደ አገሩ ይገባል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የከተማው ጉራጌ ገንዘብ አዋጥቶ፣ የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበርን አቋቁሞ መንገድ ያስቀደደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባዶ እጁን የሚገባ ልጅ ግን አንገቱን ይደፋል። ለእናት ሻሽ፣ ለአባት ኮት፣ ከመስቀል በኋላ በአዳብና አጊጠው ለሚወጡት እኅቶች ቀሚስ ያስፈልጋል። በሊስትሮ ገቢ ይህን ሁሉ ከአዲስ ልብስ መደብር መሸመት አይቻልም። ሰልባጅ የድኻውን ልጅ ፊቱን ሳያዞር ወደ እናቱ ደጅ አስገብቶታል። ይህን ሳንመሰክር ስለ ጉዳቱ ብንናገር ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. መስቀል አባቴ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሶ ከመርካቶ መጣ። ጎረቤት ሁሉ አደነቀለት። እርሱ ግን በተቀመጠበት ሁሉ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር፤ እኔም የትልቅ ሰው አቀማመጥ መስሎኝ እንደ እርሱ መቀመጥ ጀመርሁ። ምክንያቱን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለአንድ ተውኔት አልባሳት ፍለጋ መርካቶ በወጣሁ ጊዜ ነው። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ያነሣሁትን ኮት ከእጄ ተቀብለው አገላበጡት።

«አየህ ልጄ፣ የደረት ኪሱ በቀኝ ነው። ይህ የተገለበጠ ኮት ነው» አሉኝ።

«መገልበጥ ማለት ምንድን ነው፣ አባባ?»

ፊቱ የነተበ ኮት ስፌቱ በሙሉ ይፈታል፤ የጨርቁ ውስጥ ውጭ ሆኖ እንደ ገና ይሰፋል። የድሮው የቁልፍ ቀዳዳ በክር ይደፈናል። በግራ የነበረው የደረት ኪስ ግን ወደ ቀኝ ያልፋል፤ እርሱን መደበቅ አይቻልም። አባቴ በእጁ ይሸፍን የነበረው ያንን ኪስ ነበር። እናቴን ስጠይቃት፣ «ገና ደጁን ሲገባ አይቼዋለሁ» አለችኝ። አንድም ቀን ግን ለእርሱ አልነገረችውም።

የሰልባጅ ታሪክ የእኛ ብቻ አይደለም። በኬንያና በታንዛኒያ «ሚቱምባ» ይባላል፤ ትርጉሙም እንደኛው ቦንዳ እስር ማለት ነው። ዛምቢያውያን «ሳላውላ» ይሉታል፤ ከክምር መርጦ ማውጣት ማለት ነው። ጋናውያን ደግሞ «ኦብሮኒ ዋዉ»፣ የሞተ ነጭ ልብስ፣ ብለውታል፤ ይህን ያህል ልብስ በሕይወት ያለ ሰው ይጥላል ብሎ ማን ያምናል? እውነቱ ግን ባለጸጋው ዓለም የሚጥለው ስለ ሞተ ሳይሆን ስለ ሰለቸው ነው። ኦክስፋምን የመሳሰሉ የርዳታ ድርጅቶች ከእ.ኤ.አ. 1940ዎቹ ጀምሮ በለጋሾች ልብስ የሚነግዱ መደብሮች ከፈቱ። በዚያ ያልተሸጠው በኪሎ ይሸጣል፣ በመኪና ይጠቀጠቃል፣ በመርከብ ይጫናል። በ1977ቱ ረኃብ በርዳታ ስም በነጻ ወደ መጠለያዎቻችን የደረሰውና በገበያ በብር የሚሸጠው ያገለገለ ልብስ ምንጩ አንድ ነው።

በአገራችን ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው። ሆኖም በቶጎ ውጫሌ በኩልና በሌሎችም የወሰን በሮች በኮንትሮባንድ ሲገባ ኖሯል። የክልከላው ምክንያት ቀላል አይደለም። በኢጣሊያ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና መሰሎቹ፣ በነጻ ከተሰበሰበ ልብስ ጋር በዋጋ ሊወዳደሩ አይችሉም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ንግዱን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማምተው ነበር። ሩዋንዳ በቀረጡ ስለ ጸናች አሜሪካ በ2018 የልብሶቿን ከቀረጥ ነጻ ዕድል አገደችባት። ድኻ አገር የሌላውን አሮጌ ልብስ አልለብስም ለማለት እንኳ ዋጋ ይጠየቃል።

በዚህ መካከል የቆመው ልብስ ሰፊው ነው። ሰልባጅ ከእጁ አዲስ ሥራ ይወስድበታል፤ መልሶም ሰልባጁን እያጠበበና እያሳጠረ እንጀራውን ይበላል። አንዱ እጁ የሚያጣውን ሌላው እጁ ይለቅማል። ይህን ሰው ሳይጠቅስ ስለ ልባሽ ጨርቅ የሚደረግ ክርክር ሁሉ ጎደሎ ነው።

በቅርቡ በጥያ ገበያ አንዲት እናት ለልጃቸው ሹራብ ሲመርጡ አየሁ። አንገቱን ገለበጡ፣ ብብቱን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ክርኑን ወደ ፀሐይ አንሥተው መሳሳቱን አዩ፤ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት።

«የመጨረሻውን ንገረኝ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ይበሉ እስቲ፣ እናቴ።»

ሁለት ጊዜ ጥለውት ሄዱ፤ በሦስተኛው ተስማሙ። ያ ዐይን ትምህርት ቤት ያላስተማረው ዕውቀት ነው። ርካሽ ዕቃ ማግኘት የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ ጨርቅን፣ ስፌትንና የሻጭን ፊት የማንበብ ችሎታ ነው። የእኛ ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች ይህን ዐይን የሚያጠግብ ልብስ፣ ያች እናት በምትችለው ዋጋ ማቅረብ እስኪችሉ ድረስ፣ ክልከላው ብቻውን ክምሩን አያነሣውም።

እኛ የጥበብ ሰዎችና መምህራን በበኩላችን ዕዳ አለብን። በመድረካችን ላይ ድኻውን ቡትቶ አልብሰን ማቆም ቀሎን ኖሯል። እኔ የማውቀው ድኻ ግን ቡትቶ ለብሶ አልመጣም። በሚገባ የተተኮሰ ኮት ለብሶ፣ እጁን ቀኝ ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የመጣው።