ሣሩን ማን ይዝጋው?

በሰፈራችን ሁለት ላም ይዘው የሚኖሩ እናት አሉ። ወተት የምንወስደው ከእርሳቸው ነው። አምና ሚያዝያ ላይ ወተቱ ለምን እንዳነሰ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የሚያዝያ ወተት እኮ የሚታለበው በጥቅምት ነው» አሉኝ። ለካ ድርቆሽ በሚረክስበት ወቅት እጃቸው አጥሮ ሳይገዙ ቀርተዋል። በሚያዝያ ደግሞ የሱሉልታ ድርቆሽ ዋጋው አይቀመስም!

ነገሩ እውነት ነው። ሣር የሚበቅለው ክረምት ጠብቆ ነው፤ ከብት ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ሣሩ አገዳው ሳይጠነክር ታጭዶ፣ ደርቆና ተከምሮ ካልተቀመጠ ቆሞ ይደርቅና ገለባ ይሆናል። ገለባ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሰጥም። እንግዲህ የከብት እርባታ ግማሹ ጥበብ ማብላት ሳይሆን አለማብላት ነው፤ ዛሬ ለምልሞ የሚታየውን ሣር ለነገ ብሎ መከልከል። በገዛ ጓሮ ይህ አይከብድም። በጋራ ግጦሽ ላይስ? እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያስግጠዋላ!

ለዚህ ጥያቄ መንዞች መልስ ነበራቸው። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ስሙ የሣሩ ስም ነው። ጓሳ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ በክፉ ቀን ደግሞ ከብት ያድናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህን ሣር ሲጠብቅ የኖረው ሥርዓት «ቄሮ» ይባላል፤ የቅርብ ጊዜው የወጣቶች እንቅስቃሴ እንዳይመስላችሁ። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተከፋፈሉት ይባላል። ተወላጆቻቸው አለቃ እየመረጡ ጓሳውን ይዘጉት ነበር፤ ሲያሻቸው ሦስት፣ ሲያሻቸው አምስት ዓመት። በጋው ሲበረታና የየሰዉ ግጦሽ ሲያልቅ ይከፈታል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል። ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣል። ቀኗን ልብ በሉልኝ፤ ክረምቱ ገብቶ ሣሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥበት ጊዜ ነው። ይህን የጣሰ ሰው ቅጣቱ ቀላል አልነበረም።

ግን ታሪኩን ከልክ በላይ አናሳምረው። መብቱ የዘር ነበር። ከአስቦና ከጌራ የማይወለድ ሰው ዳር ቆሞ ነው የሚያየው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ተገልሎ ለኖረው ሰው ይህ ፍትሕ ነበር፤ ማን ይክዳል? ችግሩ፣ በሩ ሲሰፋ መዝጊያው አብሮ መውለቁ ነው። ሁሉም ባለመብት ሆነ፤ «ዛሬ አይገባም» የሚል ግን ጠፋ። ሣሩ ተመናመነ፣ እርሻም ወደ ላይ ገፋ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለበሬ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ደግነቱ ነገሩ በዚያው አልቀረም። የመንዝ ገበሬዎች ተሰብስበው መከሩ። ይህን ጊዜ በትውልድ ሐረግ ሳይሆን በየቀበሌው የተወከለ ኮሚቴ አቁመው ጓሳውን እንደገና መዝጋትና መክፈት ጀመሩ። በኋላም የክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀላቸው። ሣሩ ሲጠበቅ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም አብረው ተጠበቁ።

እኛ አገር ብዙ ጊዜ አሮጌውን ስናፈርስ ግፉንና ጥበቡን ሳንለይ ነው። ቄሮ ግፍም ነበረበት፣ ጥበብም ነበረው። ገበሬዎቹ ያደረጉት ሁለቱን መለየት ነው፤ እኩል መብት ያለ እኩል መከልከል ለሁሉም እኩል ባዶ ሜዳ እንደሚያደርስ አይተውታላ!

ወደ ሰፈራችን ልመለስና፣ ዘንድሮ በጥቅምት እኛ የወተት ደንበኞች ተነጋግረን የሁለት ወር ሂሳብ አስቀድመን ለእናታችን ከፈልን። ድርቆሹ ተገዝቶ ተከምሯል። ሚያዝያን እናያለን።