ብራችን በጦርነት መሃል እንዴት ተወለደ?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ጀምሮ፣ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ሱቅ ደጃፍ ላይ የዶላር ወሬ የማይነሳበት ቀን የለም። «የውጭ አበዳሪ አዘዘን» የሚለውም አብሮ ይነሳል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ይቺው ብር ራሷ የመጣችው በጦርነት መሃል፣ በውጭ ድርድር ነው።

በ1933 ጣሊያን ሲባረር አገሪቱ አንድ ወጥ ገንዘብ አልነበራትም። የጣሊያን ሊሬ አለ፤ እንግሊዞች ይዘውት የመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አለ። ሕዝቡ የሚያምነው ግን ጠገራ ብርን ነው፤ 28 ግራም የሚመዝን፣ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ መቼም ቢሠራ 1780 የሚል። የመንና ሒጃዝም ይገበያዩበት ነበር። ችግሩ፣ ዋጋው በዓለም የብር ማዕድን ገበያ ስለሚወጣና ስለሚወርድ መንግሥት ሊቆጣጠረው አይችልም።

ካዝናውም ባዶ ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 በተፈረመው ስምምነት እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ተስማማች። ብድር አይደለም፣ እርዳታ ነው። ግን አማካሪዎቿም አብረው መጡ፤ ገንዘባችንም ለንደን በተቀመጠ ቦርድ ሥር እንዲሆን ፈለገች። መንግሥት እምቢ አለ። በእኛ እምነት የዚያ ዘመን ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው፤ ጦርና ገንዘብ በእንግሊዝ እጅ እያለ እምቢ ማለት ቀላል አልነበረም።

እምቢታው ብቻውን ግን ገንዘብ አይሆንም። በ1935 የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትሩ ይልማ ዴሬሳ ዋሽንግተን ሄዱ፤ ነሐሴ 3 ቀንም ከአሜሪካ ጋር የጋራ መረዳጃ ስምምነት ፈረሙ። ከዚያ አሜሪካ 5.4 ሚሊዮን ወቄት ያህል ብር ማዕድን አበደረች። ከጦርነቱ በኋላ ወቄት በወቄት የሚመለስ ዕዳ ነው። ፊላደልፊያ ላይ 30 ሚሊዮን የ50 ሳንቲም ዝርዝር ተመታበት። ገበሬው ወረቀት ቢጠራጠር እንኳ ነጩን ብር አይጠራጠርም ተብሎ ነው።

በዚያው ጊዜ ጦርነቱ ሑጃጁን ስለቀነሰ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ካዝናም ተራቁቶ ነበር። ለሳዑዲም ከ22 ሚሊዮን ወቄት በላይ ተበደረላት፤ ሪያሉም አሜሪካ ውስጥ ተመታ። የአዲስ አበባና የመካ ገበያተኛ ሳያውቁት ከአንድ ካዝና የወጣ ብር ቆጥረዋል ማለት ነው!

ሐምሌ 16 ቀን 1937 አዲሱ ብር ወጣ። አንዱ በ2 ሽልንግ ተመነዘረ፤ የአሜሪካ ዶላር 2.48 ብር ገደማ ሆነ። በእንግሊዝኛ ስሙ «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር፤ የመንግሥት ባንኩ ገዥም አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበሩ። «ታዲያ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው መዛወር አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። በከፊል ልክ ናችሁ። ባንኩ ግን አዲስ አበባ ነበር፤ አዋጁንም ያወጣነው እኛ ነን።

በአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ፲፱፻፴፮ የሚል 50 ሳንቲም ካገኛችሁ ፎቶውን ላኩልን።