አዲስ አበባ ላይ ቤት መግዛት ለሚያስቡ የገጠር ቤተሰቦች፦ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ሰሊጡና ጤፉ ተሽጦ እጅ ላይ ገንዘብ በሚገኝበት ወቅት በገጠር ቀበሌዎች ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ባንክ ከማስቀመጥ አዲስ አበባ ላይ ቤት ብንገዛበትስ?» የሚል። ጥያቄውን የሚያነሡት ምርት የሸጡ አርሶ አደሮች ብቻ አይደሉም። መሬታቸው ለልማት ተወስዶ ካሳ የተከፈላቸው አሉ፤ ልጆቻቸው በዓረብ አገራት ሠርተው ያጠራቀሙትን የላኩላቸው ወላጆችም አሉ። ደመወዝተኛው የከተማ ነዋሪ አንድ ጊዜ ቢከስር በሚቀጥለው ወር ደመወዙን ይቀበላል። ካሳ ግን ሁለተኛ አይከፈልም፤ በሰው ቤት ሥራ ያለፉ የወጣትነት ዓመታትም አይመለሱም። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተዘጋጀው እንዲህ ያለ ገንዘብ ለያዙ ቤተሰቦች ነው።

ቤት የመግዛት ፍላጎቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎ ነበር፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ግን ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል። በባንክ የተቀመጠ ብር ቁጥሩ እየጨመረ የመግዛት ዐቅሙ ቀነሰ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቤት ማጠናቀቂያ ዕቃዎች አብዛኞቹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው አዲስ ቤት የመሥራት ወጪ አብሮ ናረ፤ የተሠራውም ቤት ዋጋ ተከተለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ጥቅም የገንዘቡን ዐቅም ማስጠበቅ ነው፤ ኪራዩ በሁለተኛ ደረጃ የሚታይ ነው። ወደ ስሌቱ በኋላ እንመለስበታለን።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ገዢው በእርግጥ ምን እንደሚገዛ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ሰው የሚገዛው በቦታው ላይ ያረፈውን ቤትና ቦታውን የመጠቀም መብት ነው። ይህ መብት በከተማ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ይተዳደራል፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ብዙ ገዢዎች የማያስተውሉት አንድ ድንጋጌ አለ፤ ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ሻጩ የሊዝ ክፍያ የሌለበትን ቤት ሲሸጥ ገዢው የሊዝ ከፋይ ሆኖ ይረከበዋል። ይህ ወጪ በዋጋ ድርድሩ ላይ ካልታሰበ ከተፈራረሙ በኋላ የሚመጣ ዱብ ዕዳ ይሆናል።

ወደ ቤት ባለቤትነት የሚያስገቡ መንገዶች በርካታ ናቸው። በሊዝ ጨረታ ቦታ አሸንፎ መሥራት አንዱ ነው፤ በአዋጁ መሠረት ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ በቅድሚያ ይከፈላል፤ ቀሪው ከነወለዱ በየዓመቱ ይከፈላል። ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ መብቱን ሸጦ ማትረፍን ሕጉ ስለሚገድብ፣ ለመገንባት ዐቅም የሌለው ሰው ቦታ ይዞ የሚጠብቅበት መንገድ አይደለም። ከከተማዋ ርቆ የሚኖር አርሶ አደር ሲሚንቶና ብረት እየገዛ ግንባታ መቆጣጠር ይከብደዋል፤ ስለዚህ ይህን መንገድ አንመክርም።

ለገጠር ገዢ በጣም የሚቀርበው ተሠርቶ ያለቀ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ በተለምዶ ኮንዶሚኒየም የሚባለው ነው። መርሐ ግብሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ ከጎተራ እስከ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ቱሉ ዲምቱ የተዘረጋ ሲሆን፣ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት ስሞች ዕድለኛው በቅድሚያ የሚከፍለውንና በባንክ ብድር የሚሸፈነውን ድርሻ ያሳያሉ። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ቤቱ የባንክ ዕዳ ሊኖርበት ስለሚችል ዕዳው ስንት እንደቀረ ከራሱ ከባንኩ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለ5 ዓመታት ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። ይህን ክልከላ ለማለፍ አንዳንዶች ሽያጩን የብድር ውል አስመስለው ይጽፋሉ፤ ለገዢውም ውክልና ይሰጡታል። እንዲህ ያለ ገዢ በሕግ ዓይን አበዳሪ እንጂ የቤት ባለቤት አይደለም። ሻጩ ሐሳቡን ቢቀይር ወይም ቢሞትና ወራሾች ቢመጡ፣ ገዢው የሚከራከረው ለቤቱ ሳይሆን በወረቀት ላይ ለተጻፈው ብር ነው።

ያልተረከቡትን «ዕጣ» መግዛትም ከዚህ የባሰ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ማብቂያ ላይ ዕጣ የወጣባቸው የኮዬ ፈጬ ቤቶች በወሰን ውዝግብ ምክንያት ርክክባቸው ተስተጓጉሎ ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ ደግሞ በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ በድጋሚ ወጥቷል። ቁልፍ ያልተረከበ ዕድለኛ የሚሸጠው ተስፋውን ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከሪል ስቴት አልሚ ገና ያልተሠራ ቤት በየደረጃው እየከፈሉ መግዛት ነው። ዋጋው ካለቀ ቤት ስለሚቀንስና ክፍያው ስለሚከፋፈል ይማርካል። ነገር ግን በከተማዋ ከብዙ ገዢዎች ቅድመ ክፍያ ተሰብስቦ ግንባታው ለዓመታት የቆመባቸው ጉዳዮች በአደባባይ የታወቁ ናቸው። በዚህ መንገድ የሚገባ ሰው ብሮሹሩን አስቀምጦ ቦታውን በዓይኑ ማየት፣ የቦታው ካርታና የግንባታ ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ መጠየቅ፣ ይኸው አልሚ ከዚህ በፊት ካስረከባቸው ቤቶች ወደ አንዱ ሄዶ ነዋሪዎችን ማነጋገር ይኖርበታል። ክፍያው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሳይሆን ከግንባታው ደረጃ ጋር መያያዙን፣ ርክክብ ሲዘገይ የሚከፈለው ካሳ በውሉ መጻፉን፣ የዋጋ ጭማሪ አንቀጽ ካለም ጣሪያው ስንት እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው።

በከተማዋ ዳርቻ በአነስተኛ ዋጋ የሚቀርቡት ቦታዎች ግን በጥንቃቄ እንኳ የሚገቡባቸው አይደሉም። ከአርሶ አደር ላይ በመንደር ውል የተገዛ መሬትም ሆነ በሌሊት የተሠራ የጨረቃ ቤት ካርታ የለውም። «በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታ ላይ ይታያል፤ ካርታው በቅርቡ ይወጣል» የሚለው የደላላ ቃል ማስረጃ አይሆንም። እውነት ከሆነ ሻጩ ራሱ አስቀድሞ ካርታውን ያውጣና ይሽጥ።

በገበያ በሬ የሚገዛ አርሶ አደር ጥርሱን ሳያይ፣ አስነሥቶ ሳያስኬድ፣ ሻጩን የሚያውቅ ዋስ ሳይጠራ ገንዘብ አይቆጥርም። የበሬው ሃምሳና መቶ እጥፍ የሚያወጣ ቤት ሲገዛ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀብድ ሲከፍል ይስተዋላል። የቤት ጥርሱ ካርታው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚሠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። ከዚያ በፊት ካርታው የተመዘገበበት የመሬት ጽሕፈት ቤት ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን በደብዳቤ እንዲገልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። ሻጩ ያሳየውን ፎቶ ኮፒ ይዞ መርካት አይገባም። የቤተሰብ ሕጉም ባልና ሚስት የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ስለሚጠይቅ፣ ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መፈረም፣ ካላገባም ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ መቅረብ አለበት።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለሆነም ማጣሪያው ሳያልቅ ቀብድ መክፈል ከተገደዱ መጠኑን ማሳነስና «ቤቱ ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ሐረግ በጽሑፍ ማስፈር ይጠቅማል።

ሌላው የተለመደ ነገር የቴምብር ቀረጥና አሹራ ለመቀነስ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ ነው። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው። ይህን ለማዳን 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበትን ቤት በ1 ሚሊዮን ብር የሚዋዋል ገዢ ሕግ መጣሱ ሳያንስ፣ ውሉ በፍርድ ቤት ቢፈርስ በማስረጃ የሚጠይቀው 1 ሚሊዮን ብሩን ብቻ ሊሆን ይችላል።

በስደት ካሉ ልጆች በሚላክ ገንዘብ የሚገዛ ቤት ሰፋ ያለ ትኩረት ይፈልጋል። በወሎም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ቤተሰብን በፍርድ ቤት ከሚያቆራርጡ ጉዳዮች አንዱ ገንዘቡ የእኅት፣ ካርታው የወንድም ሆኖ የሚገኝበት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት የባለቤትነት ማረጋገጫ በስሙ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ይህን ግምት ማፍረስ የሚቻለው በማስረጃ ነው፤ ለዓመታት በተለያየ ሰው እጅ፣ አንዳንዴም በሐዋላ የተላከ ገንዘብ ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ወንድም ክፉ ባይሆንም እንኳ አግብቶ ሊሆን ይችላል፤ በትዳር ውስጥ የተገዛ ቤትም የባልና የሚስት የጋራ ሀብት እንደሆነ ይገመታል፤ በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ የእኅት ላብ የሌሎች ድርሻ ሆኖ ይቆጠራል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ልጅቷ ባለችበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባ፣ ቤት በእርሷ ስም ለመግዛትና ካርታ በስሟ ለማስወጣት ብቻ የሚያገለግል ልዩ ውክልና ለወላጅ ወይም ለወንድም ትሰጣለች። ገንዘቡም በባንክ፣ በራሷ ሒሳብ በኩል ያልፋል። የመሸጥና በዋስትና የማስያዝ ሥልጣን በዚያው ወረቀት ላይ መጨመር አያስፈልግም፤ በሕጉም ጠቅላላ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አይበቃም፣ ለይቶ የተሰጠ ሥልጣን ይጠይቃል። ይኸው ደንብ ለገዢም ይሠራል፤ ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መጻፉን፣ ውክልናው አለመሻሩንና ወካዩ በሕይወት መኖሩን ማጣራት ግድ ነው፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣልና።

አሁን ወደ ስሌቱ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል በ6 ሚሊዮን ብር የተገዛ ቤት በወር 25 ሺህ ብር ቢከራይ በዓመት 300 ሺህ ብር ያስገባል፤ ይህ ከዋጋው 5 በመቶ ነው። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ፣ ቀለምና ቧንቧ ቢያስፈልገው፣ የኪራይ ገቢ ግብሩ ሲቀነስ የሚተርፈው ወደ 4 በመቶ ይጠጋል፤ ከቁጠባ ወለድም ያነሰ ነው። ስለዚህ በኪራይ ገቢ ለመተዳደር ብሎ ያለውን ሁሉ አሟጦ ቤት የሚገዛ ቤተሰብ ይቸገራል። ቤት ቶሎ ወደ ገንዘብ አይለወጥም፤ ሰኔ ላይ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለመግዛት አንዱን ክፍል ነጥሎ መሸጥ አይቻልም። የበሬው፣ የዘሩና ቢያንስ የአንድ ክረምት የቀለብ ገንዘብ ከቤቱ ግዢ ውጭ ተለይቶ መቀመጥ ይኖርበታል። ይህን ለይቶ የሚተርፈው ገንዘብ ለአዲስ አበባ ካልበቃ በአቅራቢያ ባለ ከተማ፣ ባለቤቱ በሳምንት አንዴ ሄዶ ሊያየው በሚችል ቦታ መግዛት አያሳፍርም።

የሚከራይ ቤት የሚመርጥ ሰው የራሱን ሳይሆን የተከራይን ዓይን ይጠቀም። ተከራይ የሚጠይቀው ስለ ታክሲ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ፎቁ ነው። አብዛኞቹ የ20/80 ሕንጻዎች አሳንሰር ስለሌላቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ከታችኛው ይልቅ በዝቅተኛ ዋጋ ይገዛል፤ በዝቅተኛ ዋጋም ይከራያል። የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ነባር ሰፈሮችን ስለቀየረ፣ በተለይ ነባር ግቢ የሚገዛ ሰው ቦታው በከተማዋ ፕላን ለምን እንደተመደበ በክፍለ ከተማው ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም።

የቤት ኪራይን በተመለከተ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራዮች እንደፈለጉ ይሠሩበት የነበረውን አሠራር ለውጧል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ተመን ነው፤ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድመ ክፍያ መጠየቅም አይቻልም። ቤቱን የገዛው በየስድስት ወሩ ኪራይ እየጨመረ ወጪውን ለመመለስ አስቦ ከሆነ ስሌቱን ይከልስ። በሌላ በኩል አዋጁ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ማድረጉ ከሩቅ ለሚኖር ባለቤት የሚመች ነው፤ ተከራዩ በቀጥታ በባለቤቱ ሒሳብ ስለሚያስገባ፣ በየወሩ ኪራይ ሰብስቦ የሚልክ ዘመድ ወይም ደላላ መካከል መግባት አያስፈልገውም።