ኮምፒውተሩ ደብረ ታቦር መድረሱን አላወቀም

ከወረታ ተነስቶ ሽቅብ የወጣ የቤንዚን መኪና ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ሲገባ አንዳንዴ ጠባይ ያመጣል። ዳገቱን ሳያጉረመርም የጨረሰው ሞተር ገበያው አካባቢ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ሲል ይንገጫገጫል፤ ይፈናጠራል፣ መልሶ ይያዛል። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ይገላግለዋል። ጋራዥ ሲገባ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ካንዴላው ነው»፣ «ቤንዚኑ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል»፣ «ፓምፑ ደክሟል»። ሁሉም ይለወጣል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ መኪናው ግን ያው ነው። እርግጥ ካንዴላው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳይጠየቅ የሚታለፈው ግን አየሩ ነው።

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ። መኪናው ከመርከብ በወረደበት ጅቡቲ ያለው የአየር ግፊት 100 ቢባል፣ ደብረ ታቦር ላይ ያለው 72 ያህል ነው። ቤንዚን ደግሞ በልኩ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁም አብሮ መቀነስ አለበት።

ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለአጼ ምኒልክ መኪና ካመጣ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህን ልክ የሚጠብቀው ካርቡራተር ነበር። ካርቡራተር አየሩን በፍጥነቱ እንጂ በክብደቱ አይለካም። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለው ደጋ ሲወጣ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መድኃኒቱ ግን በመካኒኩ እጅ ነበር፦ የነዳጅ ማለፊያዋን ቀዳዳ በጠባብ መለወጥ፣ እሳቱን ትንሽ ማስቀደም፣ ከዚያ ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ። ካካቪቴና ጆሮ ይበቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቦሽ የአየር ግፊትን እየለካ ነዳጅ የሚረጭ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በፎልክስዋገን ላይ ገጠመ። በ1976 ቮልቮ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያሸት ሴንሰር አመጣ። በ1979 ነዳጁንና እሳቱን በአንድ ዲጂታል ኮምፒውተር የሚያዝ ቢኤምደብልዩ ወጣ። የካካቪቴው ሥራ ወደ ሠንጠረዥ ተዛወረ። በአንድ ወገን የሞተሩ ዙር፣ በሌላው የአየር ግፊቱ፣ በየሣጥኑ ውስጥ አንድ ቁጥር።

ኮምፒውተሩ ከፍታን አያውቅም ማለት አይደለም። በግፊት የሚሠሩት ብዙዎቹ ቁልፍ ሲከፈት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ የውጭውን አየር ግፊት ይለካሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቁልፉ ተዘግቶ እስኪከፈት ያንኑ ልኬት ይዘው ይጓዛሉ። ወረታ ላይ የተነሳ ሞተር ሳይጠፋ ደብረ ታቦር ቢደርስ፣ ኮምፒውተሩ አሁንም ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። የውጭው ግፊት ሲያንስ ጭሱ በቀላሉ ይወጣል፤ በሲሊንደሩ የሚቀረው ቆሻሻ ይቀንስና በቦታው ንጹህ አየር ይገባል። ኮምፒውተሩ ይህን ስለማያውቅ ነዳጅ ያሳንሳል። በካርቡራተር ዘመን ትርፍ ነበር፣ አሁን ጉድለት ሆነ። ጉድለቱ የሚያስቸግረው ነዳጁ በትንሹ ሲረገጥ ነው፤ ማለትም ገበያ መሀል። የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ ቢሰካ እንኳ ምንም ላያሳይ ይችላል። ኮምፒውተሩ በራሱ ሂሳብ አልተሳሳተማ።

ቁጥሩን ማን ከፍቶ ያርመው? አብዛኛው ፋብሪካ ሠንጠረዡን ቆልፎ ይልከዋል።

ለደብረ ታቦር ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። ከከተማዋ ወጣ ብላ ጋፋት አለች። አጼ ቴዎድሮስ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን መድፍ አውጡ ያሏቸው እዚያ ነው። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነበር፤ መድፍ ማቅለጥ አያውቁም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ ድገሙት አሉ፣ ተደገመ፣ በመጨረሻ ብረቱ ቀልጦ ፈሰሰ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እንዲህ ተወለደ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ መንገድ በፊቱ እየተጠረገለት፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ፤ ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ነው። ልኩን፣ ቅልቅሉን፣ የእሳቱን መጠን የሚያውቀው እጅ ግን ጋፋት ላይ አልቀረም። ስለ መድፉ ብዙ ይወራል፤ ስለዚህኛው ኪሳራ የሚያወራ ጥቂት ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ደብረ ታቦር ውስጥ ጋራዥ የከፈተ ወጣት ዕቃ ከመለወጡ በፊት ሊሞክረው የሚችለው ነገር አለ። መኪናው ሲንገጫገጭ ዳር ያቁመው፣ ቁልፉን ይዝጋ፣ ጥቂት ቆይቶ ያስነሳው። ከተረጋጋ ነገሩ የግፊት ልኬቱ ነው። ካልተረጋጋና ካንዴላውም፣ የአየር ቱቦውም፣ የነዳጁ ግፊትም ደህና ከሆነ፣ ያኔ ሠንጠረዡ የሚከፈት ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ላፕቶፕ ይሰካ። ከወረታ እስከ ጋሳይ ሞተሩ ሳይጠፋ እየተነዳ ይመዝገብ። መንገጫገጩ የመጣበት ሣጥን ተለይቶ ነዳጁ በመቶኛ ጥቂት ይጨመር፣ የእሳቱ ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር ይለስልስ፣ በማግስቱ ያው ዳገት ይደገም። አንድ ሣጥን በአንድ ጊዜ፤ የቀድሞውን ቁጥር ደብተር ላይ ጽፎ።